ከኮምቦልቻው ጨዋታ በፊት ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሚመጣው እሑድ የኮምቦልቻ እግር ኳስ ቡድን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴ ባለው ሜዳችን በሆጤ ከእኛ ከደሴዎች ጋር ይገናኛል፤ ጨዋታው የጥሎ ማለፍ በመሆኑም ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱ በዚያው ምሽት ከዋንጫው ይሰናበታል። ድልድሉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ፒያሳ ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኗል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ሜዳ ያልጠፋሁ፣ ለበርካታ ዓመታትም ከሜዳችን ውጭ ለሚደረጉ ጨዋታዎች መኪና በመከራየትና ተጓዥ ደጋፊ በመመዝገብ ያገለገልሁ ሰው ነኝና፣ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ በፊት በየጊዜው እንደ አዲስ የሚፈጸሙትን ስህተቶች ከዚህ በላይ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። የምጽፈው በተለይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ለሚገቡ ወጣቶች ነው። ከስህተቶቹ አብዛኞቹን ራሴም ፈጽሜያቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ «አየሩ ይጨርስልናል» የሚለው እምነት ነው። ኮምቦልቻዎች ከቆላ የሚመጡ ስለሆነ እኛ ከፍታ ላይ አይቋቋሙንም፣ ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ስለዚህ እስከዚያ መታገስ ብቻ ይበቃል ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ኮምቦልቻን ከባሕር ዳርቻ ያለች ወደብ አድርጎ ሳያስባት አልቀረም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆን ኮምቦልቻም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልዩነቱ ከ700 ሜትር አይበልጥም። በዚያ ከፍታ ተወልዶ ያደገና በየቀኑ የሚለማመድ ወጣት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ደሴ ስለገባ ብቻ እግሩ አይከዳውም። ጥቂት ይከብደው ይሆናል፤ የሚከብደው ግን አሰልጣኙ ተጫዋች በመቀየርና ኳስን በእርጋታ በማንሸራሸር ሊያቃልለው የሚችለውን ያህል ነው።

የዚህ እምነት ተከታዮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ማስረጃ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። በዚያ ጨዋታ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ብሔራዊ ቡድናችን በመደበኛው ሰዓት ከግብጽ ጋር 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ፣ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ሁለት ጎል አክሎ 4 ለ 2 አሸንፏል። ከፍታው ረድቶን ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ግብጾች ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ ምድር ተነሥተው ከ2,300 ሜትር በላይ የወጡ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ካይሮ አይደለችም። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከከለከለ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ወሰኑን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ክልከላውን አገደው። በዚያ ክርክር ውስጥ እንኳ የእኛ ከተማ በመጀመሪያው ወሰን አፋፍ ላይ የምትውል ነበረች፤ «የከፍታ ምሽግ» እያልን የምንፎክርበት ነገር እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። እዚሁ ሆጤ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር በተደረገ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ፣ ከፊቴ ጋቢ ደርበው ለተቀመጡ የኮምቦልቻ አዛውንት «አባባ፣ ልጆቻችሁ 70ኛው ደቂቃ ላይ ያበቃላቸዋል» አልኋቸው። እሳቸውም ዞር ሳይሉ «እስኪ 70ኛው ይድረስ፣ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። 70ኛው ደቂቃ ሲደርስ ባቱን ይዞ መሬት ላይ የተዘረጋው የእኛው የቀኝ ተመላላሽ ነበር። ጨዋታው ሊያበቃ ሲቃረብ በዚያው በቀኝ በኩል የተሻማ ኳስ ጎል ሆነብን። አዛውንቱ በዚህ ጊዜ ዞር ብለው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ከያዙት ቆሎ አንድ ጭብጥ ዘግነው ሰጡኝ። እስካሁን ከዚያ የከበደ ስድብ አልሰማሁም።

ነገሩን በኋላ ስመረምረው ጥፋቱ የእኛ፣ ማለትም የደጋፊው እንደነበረ ተገነዘብሁ። አየሩ ያደክማቸዋል ብለን ስላመንን፣ ልጆቻችን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሳያርፉ እንዲያሳድዷቸው «ተጫኑ! ተጫኑ!» እያልን ስንጮህ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል የሜዳውን ጫፍና ጫፍ በሩጫ ሲያካልል የቆየ ተመላላሽ፣ ደሴ ተወለደም ኮምቦልቻ ባቱ መጨነቁ አይቀርም። ጮኸን ያደከምነው የራሳችንን ቡድን ነበር ማለት ነው። እሑድ ይህንን ጩኸት የሚያስነሳ ወጣት አጠገቤ ከተቀመጠ፣ ከኪሴ ቆሎ አላጣም።

ከፍታው በእርግጥ የሚለውጠው ነገር ካለ የኳሷ በረራ ነው። አየር ሲሳሳ ኳስን የሚይዛት ነገር ስለሚቀንስ ረዥም ኳስ ከተገመተው በላይ ትሄዳለች፤ ተጠማዝዛ እንድትገባ የተመታች ቅጣት ምትም የተጠበቀውን ያህል አትታጠፍም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢሆንም፣ ከሜዳው ጋር ያልተዋወቀ ግብ ጠባቂ በመጀመሪያዎቹ የማዕዘን ምቶች አንድ እርምጃ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማየት የሚፈልግ ሰው የአጥቂዎቹን ትንፋሽ ትቶ፣ የኮምቦልቻው ግብ ጠባቂ በማሟሟቂያ ጊዜ ከመስመር የሚሻሙ ኳሶችን መለማመድ አለመለማመዱን ይመልከት። ከተለማመደ አሰልጣኙ የቤት ሥራውን ሠርቷል።

የሊጉን ደረጃ ሰንጠረዥ እየጠቀሱ መተንበይም ከንቱ ድካም ነው፤ ሰንጠረዥ የወራት ድምር ሲሆን ይህ ጨዋታ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው።

ወደ ደንቡ ስንመጣ፣ ደጋፊው ከተጫዋቹ እኩል ሊያውቀው ሲገባ ሳያውቀው የሚጮህበት ነገር ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው «እኩል ከወጣን ኮምቦልቻ ላይ እንጨርሳቸዋለን» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥሁ። መልስ ጨዋታ የለም፤ ቢኖር ኖሮ «ጥሎ ማለፍ» የሚለው ስም በአንድ ቀን አያስጨንቀንም ነበር። ከ90 ደቂቃ በኋላ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ይኖራል ወይስ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬዳል የሚለውን የሚወስነው የየውድድሩ ደንብ ነው፤ የጨዋታው ሕግ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ይህን ሳያነቡ ከሜዳ መውጣትም ሆነ «ሰዓት አለን» እያሉ መዝናናት አይገባም።

በመለያ ምት ላይ ያለው አለማወቅ ደግሞ የባሰ ነው። አሰልጣኙ በ80ኛው ደቂቃ የቀየረውን መቺ «ለፍጹም ቅጣቱ መልሱት» ብሎ መጮህ ትርጉም የለውም፤ የሚመቱት ጨዋታው ሲያበቃ ሜዳ ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። አንዱ ቡድን በቀይ ካርድ ሰው ጎድሎበት ከሆነ ሌላው ቡድን ከመቺዎቹ ቀንሶ እኩል ይሆናል እንጂ በብልጫ አይመታም። ግብ ጠባቂው ኳሷ እስክትመታ ድረስ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል በጎሉ መስመር ላይ፣ ከመስመሩ ትይዩ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ወጥቶ ቢያድን ምቱ ይደገማል፤ ዳኛውም ለመጀመሪያው ጥፋት በማስጠንቀቂያ ያልፈዋል፣ ከደገመው ግን ቢጫ ያሳየዋል። በጨዋታው ውስጥ ቢጫ የነበረበት ግብ ጠባቂ በመለያ ምቱ ቢጫ ቢያይ ሁለቱ ተደምረው ቀይ አይሆኑም፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የጸና ሕግ ነው። እሑድ መለያ ምት ላይ ከደረስን «ሁለተኛ ቢጫ ነው፣ አስወጣው!» የሚል ጩኸት ከሕዝቡ መካከል እንደሚነሣ እርግጠኛ ነኝ፤ ቢያንስ ይህን ያነበበው ሰው አፉን ይያዝ።

ዳኛው ገና ፊሽካ ሳይነፋ «የእነርሱ ሰው ነው» ማለት ደግሞ ለሽንፈት አስቀድሞ ምክንያት መግዛት ነው።

ከኮምቦልቻ ለሚመጡ ወዳጆቻችንም አንድ ነገር ልንገራቸው፤ ሐረጎን አትናቁት። መንገዱ በካርታ ሲያዩት አጭር ነው፤ ሆኖም ጠመዝማዛው ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና ከቆመ፣ በዚያ ላይ ጉሙ ከወረደ፣ ሰዓት የሚባል ነገር ትርጉሙን ያጣል። እኔ በተቃራኒው አቅጣጫ ይህንን ተምሬዋለሁ። 9 ሰዓት ለሚጀመር የኮምቦልቻ ጨዋታ 8 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ተነሣን፤ ተጓዡ ቀደም ብለን እንድንነሣ ቢወተውተኝም «ቁልቁለት አይደል እንዴ» ብዬ ያዘገየኋቸው እኔው ነበርሁ። ከአንዱ መታጠፊያ ላይ ጎማው የፈነዳ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን። በጉሙ ውስጥ የኋላ መብራቱ ብቻ ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ሹፌራችን ወርዶ ድንጋይ ሲያቀብል፣ ከሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ በስልክ ውጤት ይጠይቁ ነበር። ከሜዳው በር ስንደርስ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ትኬት እየቆረጥን ሳለ የጎል ጩኸት ሰማን፤ ጎሉን ያገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ የጩኸቱን መጠን መለካት ነበረብን። ድምፁ እጅግ ትልቅ ስለነበር የእኛ እንዳልሆነ ወዲያው ገባን። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ፤ የሚስቅብኝ ይሳቅ።

ልብስን በተመለከተ የምናገረው ለእንግዶቹ ብቻ ነው። የኮምቦልቻን የቀትር ሙቀት አምኖ በካናቴራ የመጣ ሰው፣ ደመናው ከጦሳ ተራራ ሲወርድበት ከእኛ ሰው ጋቢ ሲለምን ሁልጊዜ እናያለን፤ ደግሞም እንሰጠዋለን።

አንድን ተጫዋች ብቻ ነቅሶ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫንም ልማድ ሆኗል፤ ተጋጣሚው አሰልጣኝም እኮ ስሙን ይሰማል፣ ሁለት ሰውም ይመድብለታል።

በመጨረሻ ስለ ዘፈንና ስለ ስድብ። እርስ በርስ መተራረብ ለዚህ ጨዋታ ቅመሙ ነው፤ እኛ ሙቀታቸውን፣ እነርሱ ብርዳችንን እያነሡ ሲዘፍኑ መስማት ከጨዋታው እኩል ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቤተሰብን፣ እምነትን ወይም ትውልድን የሚነካ ቃል የሚያወጣ ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከእኛ ደጋፊ መካከል ማለዳ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ፣ ማታ ደሴ የሚያድር ስንት ሰው አለ? የእኔው እኅት ያገባችው ኮምቦልቻ ነው፤ የእኅቴ ልጅ እሑድ ከተቃራኒው ወገን ቆሞ እኔኑ አጎቱን ሊዘፍንብኝ ዝግጅቱን ጨርሷል።

ለእርሱም በስልክ የነገርሁት ግምቴን ነው። በመደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ጎል እነርሱ ከቆመ ኳስ ያገባሉ፣ እኛ ከእረፍት በኋላ እናስተካክላለን። በመለያ ምት ደግሞ እኛ እናልፋለን። የእኅቴ ልጅ ሰምቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ አየሩን ረሱት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። የቆሎውን ታሪክ ማን እንደነገረው እያጣራሁ ነው።