ከአካዳሚክ አማካሪ ጋር ኮርስ ማቀድና ለምረቃ መድረስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በሁለቱ ከተሞች ባሉ የግል ኮሌጆች የሚማር ተማሪ ስለ ምረቃ መስፈርት መጠየቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ዓመት ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሊስተካከል ይችል የነበረው አብዛኛው ነገር አልፏል። የምረቃ ሒሳብ ከመጀመሪያው ምዝገባ ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሒሳቡን በየሴሚስተሩ መያዝ ያለበት ተማሪው ራሱ ነው። አማካሪያችሁ ከማስተማርና ከምርምር ሥራቸው በተጨማሪ በርካታ ተማሪዎች ስለሚመደቡላቸው፣ የእያንዳንዳችሁን ያልተሟላ ኮርስ በቃላቸው ሊይዙ አይችሉም፤ የምዝገባ ስሊፕ ላይ መፈረማቸውም ሁሉም ነገር ተጣርቷል ማለት አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው የራሳችሁን ባች (አብራችሁ የገባችሁትን ተማሪዎች) ካሪኩለም ከዲፓርትመንት በመውሰድ ነው። ካሪኩለም ስለሚከለስ፣ ቀድሞ የተመረቀ ወንድም ወይም እህት ያቆየላችሁ ቅጂ ላይሠራ ይችላል፤ በተለይ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች እንዲሸፈን ከተደረገ ወዲህ የዲግሪው አቀማመጥ ከቀድሞው በእጅጉ ተለይቷል። በአንድ ደብተር ላይ የኮርሱን ኮድ፣ ክሬዲት ሰዓቱን፣ ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ኮርስና የሚሰጥበትን ሴሚስተር አስፍራችሁ፣ ውጤት በወጣ ቁጥር ሙሉት። የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚማሩበት ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ ለማስተማር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያገኘ መሆኑን ሊያረጋግጡ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው እርስ በርሱ የተያያዘው ኮርስ ነው። እንደ ሎጂክና ጄኔራል ሳይኮሎጂ ያሉ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ቢበላሹ የሚያስከትሉት መዘዝ ውስን ነው። በኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ተማሪ ግን አፕላይድ ማትማቲክስ አንድ ላይ ኤፍ ቢያገኝ ሁለተኛውን መውሰድ አይችልም፤ ሁለተኛው ሲቀር ሦስተኛው ይቀራል፤ በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ የዲፓርትመንት ኮርሶችም አብረው ይዘገያሉ። ብዙ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ የወደቀበትን ለመድገም ከኋላ የሚመጣውን ባች መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የታችኛው ባች የክፍል ፕሮግራም ከራሱ ክፍል ጋር ሊጋጭበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ለአማካሪ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ያው ኮርስ በዚህ ሴሚስተር በሌላ ዲፓርትመንት ይሰጥ እንደሆነና አድ ማድረግ (በምዝገባው ላይ መጨመር) ይፈቀድ እንደሆነ ነው። የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመሰረዣ) ጊዜው አጭር ስለሆነ ጥያቄው ከምዝገባው በፊት ቢቀርብ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነጥብ ነው። ለምረቃ የሚጠየቀው አጠቃላይ አማካይ ውጤት 2.00 ሲሆን፣ ጉድለቱ በጊዜ ሲታይ ትንሽ፣ ሲዘገይ ግን ከባድ ነው። በ60 ክሬዲት ሰዓት 1.90 ያለው ተማሪ በሚቀጥሉት 30 ክሬዲት ሰዓቶች 2.20 ካመጣ 2.00 ይሞላል፤ ይህም ከሲ ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት ነው። ያንኑ 1.90 በዋርኒንግ (በዝቅተኛ ውጤት ማስጠንቀቂያ) እየተጎተተ እስከ 120 ክሬዲት ሰዓት ይዞ የደረሰና 15 ክሬዲት ሰዓት ብቻ የቀረው ተማሪ ግን በዚያች አንዲት ሴሚስተር 2.80 ማምጣት ይኖርበታል። ይህን ስሌት ራሳችሁ ሠርታችሁ ለአማካሪያችሁ ብታሳዩ፣ የትኛውን ኮርስ መድገም እንደሚያዋጣና የሴኔት ሕጉ (የተቋሙ የትምህርት ደንብ) ምን እንደሚፈቅድ ተጨባጭ ምክር ታገኛላችሁ።

አማካሪን ማነጋገር የሚገባው በምዝገባው ቀን ቢሮው በር ላይ ተሰልፎ አይደለም፤ ውጤት እንደወጣ ቀጠሮ ጠይቁ። ስትገቡ ግሬድ ሪፖርታችሁንና ደብተራችሁን ያዙ። «መምህር፣ ምን ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ ሸክሙን በእሳቸው ላይ መጣል ነው። «መምህር፣ ይህን ኮርስ አሁን ካልወሰድኩ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ኮርስ ይዘጋብኛል፤ ብወስደው ግን ሎዱ (የሴሚስተሩ ክሬዲት ሰዓት ድምር) ከሚፈቀደው ያልፋል፤ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ማስፈቀድ ይቻላል?» ብሎ ለጠየቀ ግን መልሱ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የተፈቀደላችሁ ነገር ካለ በጽሑፍ አስፈርሙና ቅጂውን አስቀምጡ፤ አማካሪው ለትምህርት ሊወጡ ይችላሉ፣ በምትካቸው የሚመጡት ደግሞ በቃል የተባለውን አያውቁም። ማህተሙ የሚገኘው በሌላው ግቢ ከሆነ፣ ለአንዲት ፊርማ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከመውጣት ወይም ከመውረድ በፊት ፈራሚው መኖራቸውን በስልክ ማረጋገጥ ቀን ያተርፋል።

ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ወይም ኤንጂ (ውጤት ያልተሰጠበት) ተብሎ የቀረ ውጤት በራሱ አይስተካከልም፤ መምህሩን በዚያው ሴሚስተር አግኝታችሁ አስጨርሱ። ፊዚካል ፊትነስ አማካይ ውጤት ውስጥ ስለማይገባ ብዙዎች ይንቁታል፤ ነገር ግን ያላለፈ ተማሪ ምረቃው ይያዝበታል።

ልምምድን በተመለከተ ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ ዕድለኛ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ በቅርቡ ናቸው። ቅርበት ብቻውን ግን ቦታ አያስገኝም። ደብዳቤው ቀደም ብሎ እንዲጻፍ፣ በልምምዱ ወቅትም የቀረ ኮርስ እንዳይደራረብ ከአማካሪ ጋር ተስማሙ፤ ጠዋት ፋብሪካ፣ ከሰዓት ክፍል የሚል ዕቅድ ሲሳካ ብዙም አይታይም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ቢማር፣ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው በየዓመቱ የተማራችኋቸውን ዋና ዋና የሙያ ኮርሶች ስለሚሸፍን፣ የመጨረሻውን ሴሚስተር በተደጋገሙ ኮርሶች የሞላ ተማሪ የሚዘጋጅበት ጊዜ ያጣል። በዕቅዳችሁ ላይ ያን ሴሚስተር ሆን ብላችሁ ቀለል አድርጉት።

የምረቃው ዓመት ሲገባ ከአማካሪው ጋር ተቀምጣችሁ ደብተራችሁን ከሬጅስትራር መዝገብ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ። የወጪ መጋራት ውላችሁን ቅጂዎችና የክሊራንስ ወረቀታችሁን በአንድ አቃፊ አስቀምጡ። ሰይድ፣ መሐመድ፣ ኡመር የመሳሰሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በሬጅስትራርና በመታወቂያ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ልዩነት ካለ ዲግሪው ከመታተሙ በፊት በማመልከቻ አስተካክሉ።