የሚንገጫገጭ ዋይፐርና ማታ የሚደበዝዝ መስታወት፦ የሠራልኝ መፍትሔ

ውሃ የሚያንከባልል ፈሳሽ የፊት መስታወቱን ከቀባሁ በኋላ ሁለት ችግር መጣ። ዋይፐሩ እየዘለለ ይንገጫገጫል። ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት መስታወቱ ላይ ወተት የመሰለ ጭጋግ ይዘረጋል። መንገዱ አይታይም፤ ይሄ ያስፈራል።

መጀመሪያ የዋይፐሩን ጎማ በአዲስ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። በመኪና ሻምፖ ደጋግሜ አጠብኩት። ምንም። ከላዩ ሌላ ዙር ስቀባ ጭራሽ ባሰበት።

መፍትሔው የድሮውን ቅባት ሙልጭ አድርጎ ማንሳት ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ (መስታወት ማለስለሻ ደቃቅ ዱቄት) ባለበት የመስታወት ፖሊሽ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ክብ ክብ እያልኩ አሸሁት። መቼ እንደሚበቃ የሚነግራችሁ ውሃው ነው። ስትረጩበት ጠብታ ሠርቶ ከተንከባለለ ገና ነው፤ ወጥ ሆኖ በስሱ ከተነጠፈ ጸድቷል። ጠርዙንና ዋይፐሩ የሚያርፍበትን ታችኛውን ክፍል እንዳትዘሉት፤ ቅባቱ እዚያ ይደበቃል።

ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል ወለወልኩት። የዋይፐሩንም ጎማ፣ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪያቆም ድረስ። ውሃ የሚያንከባልለውን ፈሳሽ እንደገና የቀባሁት ጥላ ውስጥ፣ መስታወቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ፣ በጣም በስሱ ነው። ደርቆ ሲደበዝዝ በንጹሕ ማይክሮፋይበር (ለስላሳ የመወልወያ ጨርቅ) ጠረግኩት፤ ጨርቁን በጥቂቱ አርጥቤ ደገምኩት። ይህችን የመጨረሻ ጠረጋ አደራ! ማታ የሚያንጸባርቀው ሳይጠረግ የቀረው ትርፍ ነው።

አሁን ዋይፐሩ ድምፅ የለውም፤ ጭጋጉም ጠፍቷል። ፖሊሹን ግን የፕላስቲክ መብራት ሽፋን ላይ አትሞክሩት። ከውስጥ የሚይዘው ጉም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚያጠፋው የመኪናው ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ነው።