ድመታችሁ ጉንፋን ሲይዛት፦ በሰሜን ሸዋ ብርድ እንዴት ታስታምሟት?

ድመት በቀን አንድ ሁለቴ ብታስነጥስ አቧራ ወይም የኩበት ጭስ ነው። ደጋግማ ስታስነጥስ፣ ዓይኗ እያለቀሰ ሲጣበቅ፣ ምግቧን ትታ ጥግ ይዛ ስትኮራመት ግን ጉንፋን ይዟታል። የድመት ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ አንዱ የድመት ሄርፒስ ሲሆን ሌላው የድመት ካሊሲ ይባላል። ወደ ሰው አይተላለፉም፤ በጎቻችሁንም አይነኩም። ከድመት ወደ ድመት ግን በንፍጥ፣ በለሃጭ፣ በጋራ ሳህንና በአስታማሚው እጅ ሳይቀር ይሄዳሉ።

የቫይረሱን ዕድሜ የሚያሳጥር የቤት መድኃኒት የለም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነቷ ራሱ ያሸንፈዋል። እስከዚያ ድረስ ምግብ፣ ውሃ፣ ሙቀትና የተከፈተ አፍንጫ እንዳታጣ ማድረግ የእናንተ ድርሻ ነው። በዚህ መሀል ከሚሞቱት ድመቶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው መራብና የውሃ ጥም ነው፤ አንዳንዶቹን ደግሞ «ይሻላታል» ተብሎ የተሰጣቸው የሰው መድኃኒት።

የትኛው እንደያዛት

ሄርፒስ ዓይንና አፍንጫ ላይ ይበረታል። ከተጋለጠች ከ2 እስከ 6 ቀን ውስጥ ማስነጠሱ ይጀምራል፤ ዓይኗ መጀመሪያ ውሃ የመሰለ፣ ቆይቶ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። አንድ ዓይኗን ጨፍና ከያዘች ወይም ብሌኑ ደመና ከመሰለ የዓይኗ መስታወት ቆስሏልና ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን መድረስ አለባት። ካሊሲ ደግሞ አፍ ይወዳል፤ ምላሷ ጫፍና ጠርዝ ላይ ቁስል ይወጣል፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ ልትበላ ቀርባ በሕመሙ ትመለሳለች። አንዳንዴም ዛሬ በአንድ እግሯ፣ ነገ በሌላው ታነክሳለች። ይህን ያየ ሰው ወድቃ ወይም ተመትታ ይመስለዋል።

አፏን ከፍታችሁ ከማየታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። ለሃጭ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ነው። ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰች፣ መዋጥ ካቃታት፣ አካሏ ከዛለ ወይም በቅርቡ የማታውቁት እንስሳ ነክሷት ከሆነ እጃችሁን ወደ አፏ አትስደዱ። ለብቻዋ ዘግታችሁባት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰችው ወይም የቧጠጠችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሙቀትና ጭስ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የመንዝና የጣርማ በር ብርድም አይተናነስም። ስለዚህ የታመመች ድመት ወደ ምድጃው ትጠጋለች፣ ሰውም ይተዋታል፤ እዚያ ግን የኩበትና የእንጨት ጭስ የቆሰለ አፍንጫዋን ያብስባታል። ከምድጃው ራቅ ያለ፣ ንፋስ የማይገባበት ጥግ ላይ ካርቶን አስቀምጡና አሮጌ ጋቢ ወይም ቁራጭ ባና አንጥፉበት። በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በአንድ ወገን ብቻ አስተኙት፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ቦታ ይኑራት። ያለ ጨርቅ በእጅ ይዛችሁ ልትቆዩበት ካልቻላችሁ ለእሷም ያቃጥላታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ላላችሁ ጉዳዩ ተቃራኒው ነው፤ ጥላና ነፋሻ ቦታ ፈልጉላት፣ ውሃዋንም አብዙ።

አፍንጫና ዓይን

1 ሊትር ውሃ ሦስት ደቂቃ ያህል አፍሉና 9 ግራም ጨው ጨምሩበት፤ በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ልክ ሳይቆለል ማለት ነው። ለብ ሲል ጥጥ እየነከራችሁ የደረቀውን ንፍጥ አርጥቡ፤ አትላጡት፣ ሲለሰልስ ራሱ ይነሳል። ዓይኗን ከአፍንጫዋ በኩል ጀምራችሁ ወደ ውጭ ጥረጉ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አዲስ ጥጥ ተጠቀሙ። በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ጨው ውሃ ከምግብ በፊት ጠብ ማድረግ ይረዳል። የተረፈው ውሃ በማግስቱ ይደፋ።

እንፋሎትም ጥሩ ነው። ጠባብ ክፍል ዘግታችሁ፣ ድመቷ በማትደርስበት ቦታ የፈላ ውሃ በሳፋ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብራችኋት ተቀመጡ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ። ውሃው ባዶውን ይሁን። ለሰው ጉንፋን የሚታጠነው ባሕር ዛፍ ቅጠል ለድመት አይሆንም፤ ዘይቱ ጉበቷ ሊያስወግደው የማይችል መርዝ ነው።

ምግብ

ድመት የምትበላው ሸትቷት ነው። አፍንጫዋ ሲዘጋ ሥጋም ከፊቷ ቢቀመጥ እንጨት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫዋን ጥረጉ፣ ቀጥሎ ምግቡን በእጅ ለብ እስከሚል፣ 37 ዲግሪ ገደማ አሙቁት፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ በቀን አምስት ስድስቴ አቅርቡላት። የተቀቀለ ዶሮ፣ ትንሽ የተቀቀለ የበግ ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽታው የሚጣራ ሰርዲን ይሆናል። መረቁ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ አይግባበት። አፏ ከቆሰለ ሁሉንም ፈጭታችሁ በመረቅ አላሉት። ወተት ለጎልማሳ ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣል፤ በተቅማጥ ላይ ውሃዋ ያልቃል።

ጾም ሲሆን ችግሩ ይጠናል። ሁዳዴ ላይ ከቤት የሚወጣላት ትራፊ ሽሮና እንጀራ ብቻ ነው፤ ሽሮው ውስጥ ደግሞ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ጾሙ የሰው ነው፣ እሷ አይመለከታትም። ለታመመች ድመት እንቁላልና ሰርዲን ለብቻ ማስቀመጥ ቤቱን አያስፈስክም።

ውሃ በቀን በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት መረቁንና በምግቡ ውስጥ ያለውን ጨምሮ 150 ሚሊ ሊትር ትፈልጋለች ማለት ነው። እምቢ ካለች መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በአፏ ጎን ከክራንቻዋ ጀርባ፣ እየዋጠች በቀስታ ስጧት። ራሷን ወደ ላይ አታቅኑ፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል። ትንፋሽ እያጠራት ከሆነ ምንም በግድ አታጠጡ።

የማይሰጥ

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት መንገድ ደካማ ስለሆነ ከባለ 500 ሚሊ ግራሙ ግማሽ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሲሆን፣ ፊቷና መዳፏ ሲያብጥ ጊዜ የለም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሰጡም። አሲክሎቪር ክኒን «ለሄርፒስ ነው» ብሎ መስጠት እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የሰውና የድመት ሄርፒስ የተለያዩ ናቸው። በአገሩ ልማድ የሚጨመቁት ነጭ ሽንኩርትና በጥጥ የሚቀመሰው አረቄ ደግሞ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። ከሰው ፋርማሲ የሚገዛ፣ ዴክሳሜታሶን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ያለበት የዓይን ቅባትም በሄርፒስ የቆሰለን ዓይን ያጠፋል።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ፣ ተከትሎ የገባውን ባክቴሪያ ለመያዝ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ያዝዝ ይሆናል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በቀን ነው። ባለ 100 ሚሊ ግራሙን የሰው ካፕሱል በግምት መከፋፈል ስለማይሆን ሐኪሙ ይለካላችሁ። ክኒኑን ካስዋጣችኋት በኋላ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውሃ የግድ አስከትሉ፤ ደርቆ ጉሮሮዋ ላይ ከቀረ ያቃጥላትና ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል።

ለይቶ ማስቀመጥና ማጽዳት

የታመመችውን ለብቻዋ ዝጉ፤ ካልተቻለ ቢያንስ ሁለት ሜትር አራርቁ፣ ሳህኗን ለዩ። ጤነኞቹን አስቀድማችሁ መግቡ፣ ታማሚዋ መጨረሻ ትሁን፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሄርፒስ ከድመት ውጭ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፣ ካሊሲ ግን ደረቅ ቦታ ላይ እስከ አንድ ወር ይቆያል፤ በአልኮልም በቀላሉ አይሞትም። ለእሱ በረኪና ነው የሚያስፈልገው፦ 1 ሲኒ በረኪና ለ31 ሲኒ ውሃ። ሳህኑን ወይም ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ድብልቁን 10 ደቂቃ አቆዩበትና አለቅልቁ። ቆሻሻ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣል። በዚህ ምክንያት በእበት የተለቀለቀ መሬት ላይ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው፤ እዚያ የሚሻለው የተኛችበትን ጭድና ጨርቅ ማቃጠልና ቦታውን ለአንድ ወር ከሌላ ድመት ማራቅ ነው።

የዳነች ድመት ንጹህ ናት ማለት አይደለም። ሄርፒስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልኳን ይኖራል፤ ስትወልድ፣ ቤት ስትቀይር ወይም በጥምቀት እንግዳ ሲበዛባት ከሳምንት ገደማ በኋላ ማስነጠሱ ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ ድመት ስታመጡ ሁለት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩ። ክትባት አለ፤ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይሰጣል። መያዙን ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም ሕመሙን ያቀላል። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱን ሁሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በፌስታል ተይዞ 130 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ክትባት አይሠራም።

ወደ ሐኪም

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ተኝታ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ ከተነፈሰች፣ ጎልማሳዋ አንድ ቀን ሙሉ፣ ግልገሏ ደግሞ ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች፣ ሙቀቷ ከ39.5 በላይ ከሆነ ወይም ከ37.5 በታች ከወረደ፣ አትጠብቁ። ዓይኑ ገና ያልተገለጠ ግልገል ሽፋሽፍቱ ካበጠ ከስሩ መግል ይዟልና እሱም ሳይውል ሳያድር ይታይ። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮች ብዙ ጊዜያቸው ከብትና በግ ላይ ስለሚያልፍ፣ ክብደቷን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበላችበትን ሰዓትና የተሰጣትን ክኒን ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ፤ ድመቷንም ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ፣ ከሌሎች እንስሳት ራቅ አድርጋችሁ አቆዩ።