ፋይል በራሱ ለሚያወርድ ስክሪፕት የመጠበቂያ ጊዜና የድጋሚ ሙከራ ገደብ አመራረጥ

ሌሊት ማንም በማይከታተለው ሰዓት ፋይል እንዲያወርድ የታዘዘ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም አጭር ፕሮግራም) ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ከሞተ ግንኙነት ጋር ተጣብቆ እስኪነጋ ይጠብቃል፣ ወይም በዝግታ ግን በደህና እየወረደ ያለውን ፋይል «ሰዓቱ አልፏል» ብሎ ይቆርጠዋል። ሁለቱም የሚመነጩት ስለ መጠበቂያ ጊዜ በሚገባ ካለማሰብ ነው። ነገሩን በተጨባጭ ለማየት፣ ጂኦፋብሪክ የተባለው የጀርመን ድርጅት ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ የኢትዮጵያን ክፍል ለይቶ በየቀኑ እያደሰ የሚያቀርበውን ፋይል በየሌሊቱ የሚያወርድ ስክሪፕት እንውሰድ። ለስሌት እንዲመች ፋይሉ 150 ሜጋባይት ነው እንበል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ፋይል የሚያወርዱት መሣሪያዎች ይዘውት የሚመጡት ቅንብር ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የታሰበ አለመሆኑ ነው። ከርል የተባለው የማውረጃ ትእዛዝ ግንኙነት እስኪፈጠር 300 ሰከንድ ድረስ ይጠብቃል፣ ለጠቅላላው ዝውውር ግን ምንም ገደብ የለውም፤ ካልታዘዘ በቀርም ዳግመኛ አይሞክርም። ደብሊውጌት የተባለው ሌላው የማውረጃ ትእዛዝ በአንጻሩ 20 ጊዜ ይሞክራል፣ ነገር ግን ሰርቨሩ ዝም ቢል 900 ሰከንድ፣ ማለትም ሩብ ሰዓት፣ ይታገሣል። ሪኩዌስትስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ደግሞ ገደብ ካልተሰጠው ያለ ገደብ ይጠብቃል። ስለዚህ ቁጥሮቹን በራስ እጅ መጻፍ ግዴታ ነው።

ግንኙነት ለመፍጠር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ሊሆን ይገባዋል። ሊኑክስ የመጀመሪያው የግንኙነት ጥያቄ መልስ ካላገኘ በመጀመሪያዎቹ 7 ሰከንዶች ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደግሞ ይልካል፤ ያለ ገደብ ከተተወ በተለመደው ቅንብሩ ተስፋ የሚቆርጠው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በመሆኑም 10 ሰከንድ ቢሰጠው ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ጥያቄዎች ለመላክ ዕድል ያገኛል። ይህ ለተጨናነቀ መስመርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፤ በሳተላይት ወይም በጣም ደካማ በሆነ የሞባይል መስመር ላይ ለሚሠራ ሰው 20 ሰከንድ ይሻላል።

ከሁሉም ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ዝውውሩ ከተጀመረ በኋላ ያለው ገደብ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ለጠቅላላው ማውረድ 5 ደቂቃ ይሰጡና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 150 ሜጋባይት 1200 ሜጋቢት ነው፤ መስመሩ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ከሆነ ፋይሉ ምንም ችግር ሳይገጥመው 10 ደቂቃ ይፈልጋል። የ5 ደቂቃው ገደብ በየሌሊቱ ጤነኛውን ዝውውር ግማሽ ላይ ይቆርጠዋል፣ ድጋሚ ሙከራውም እዚያው ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ስለሆነም መለካት ያለበት ዝውውሩ የፈጀው ጊዜ ሳይሆን መቆሙ ነው። ከርል ለዚህ «ስፒድ ሊሚት» እና «ስፒድ ታይም» የሚባሉ ሁለት አማራጮች አሉት፤ የመጀመሪያውን 1000 ባይት፣ ሁለተኛውን 60 ሰከንድ ብናደርገው፣ ፍጥነቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሰከንድ ከ1000 ባይት በታች የወረደውን ዝውውር ብቻ ይቆርጣል። ዝግተኛው ይተርፋል፣ የሞተው ይቆረጣል። በፓይተን የሚሠሩ ሰዎች እንዲጠነቀቁ የምለምነው፣ የሪኩዌስትስ የንባብ ገደብ የሚቆጥረው ምንም መረጃ ሳይደርስ የቆየውን ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው፤ ገደቡ 30 ሰከንድ ሆኖ ሰርቨሩ በየ20 ሰከንዱ ጥቂት ባይት ቢልክ ገደቡ ፈጽሞ አይነካም። ስለዚህ የፍጥነቱን ስሌት ራሱ ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል።

ጠቅላላ ገደብ ከናካቴው አይኑር ማለት አይደለም፤ የሚሰላው ግን ከሎግ (ስክሪፕቱ ሥራውን ከሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ከታየው ዝቅተኛ ፍጥነት ተነሥቶ ነው። ዝቅተኛው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከነበረ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ እጥፉን፣ 40 ደቂቃ፣ መስጠት ተገቢ ነው። የከርል «ማክስ ታይም» በእያንዳንዱ ድጋሚ ሙከራ እንደ አዲስ መቁጠር ስለሚጀምር፣ 6 ሙከራዎች (የመጀመሪያውና 5 ድጋሚ) በ40 ደቂቃ ሲባዙ 4 ሰዓት ይደርሳሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፋይሉን ማስረከብ ላለበት ስክሪፕት ይህ ሙሉውን ሌሊት የሚበላ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን በሙሉ «ታይምአውት» በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ውስጥ አድርጎ ከ3 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ መገደብ ይበጃል።

ወደ ድጋሚ ሙከራ ስንመጣ፣ የሚደገመው በራሱ ሊድን የሚችል ስህተት ብቻ ነው፦ የጊዜ ማለፍ፣ የመስመር መቋረጥ፣ እንዲሁም 408፣ 429፣ 500፣ 502፣ 503 እና 504 የተባሉት የኤችቲቲፒ መልሶች (ሰርቨሩ ለጥያቄው የሚመልሳቸው የሁኔታ ቁጥሮች)። 401 እና 403 ፈቃድ የለም ማለት ስለሆኑ መቶ ጊዜ ቢደገሙም አይለወጡም። «ፋይሉ የለም» የሚለው 404ም እንደዚያው ነው፤ ሆኖም ቀን በስሙ ላይ የተጻፈበት ፋይል ገና አልወጣ ይሆናልና፣ ለእንዲህ ያለው ከሰከንዶች ይልቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ትክክል ነው። ከርልም ደብሊውጌትም ካልታዘዙ በቀር ሰርቨሩ ግንኙነቱን እምቢ ሲል ዳግመኛ አይሞክሩም፤ ሰርቨሩ እንደገና በሚነሣበት ቅጽበት ለሚደርስ ስክሪፕት በዚህ ጊዜም ዳግመኛ እንዲሞክሩ ማዘዝ ጠቃሚ ነው። «ፌይል» የሚባለውን የከርል አማራጭም መርሳት አይገባም፣ ያለ እርሱ ከርል የስህተቱን ገጽ በፋይሉ ስም አስቀምጦ ሥራው ተሳክቷል ይላል።

በሙከራዎች መካከል ያለው ዕረፍት ከሙከራዎቹ ቁጥር ይበልጥ ወሳኝ ነው። ከርል በ1 ሰከንድ ጀምሮ በየጊዜው እጥፍ ያደርጋል፤ 5 ድጋሚ ሙከራ ሲሰጠው የሚያርፈው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሰከንድ፣ በድምሩ 31 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ የጠፋ ኔትወርክ አምስቱንም ያከሽፋቸዋል። ለሌሊት ሥራ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ እጥፍ ማድረግ፣ ማለትም 30፣ 60፣ 120፣ 240 እና 480 ሰከንድ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ መቋረጥን ያሻግራል። በየዕረፍቱ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንዶች ይጨመሩ፤ አለዚያ በአንድ ሰዓት የተነሡ ብዙ ማሽኖች ገና እየተነሣ ያለውን ሰርቨር በአንድ ቅጽበት ይመቱታል። ሰርቨሩ ከ429 ወይም ከ503 ጋር «ሪትራይ አፍተር» ብሎ ጊዜ ከነገረን የእርሱ ቁጥር ይከበር፤ ፋይሉን በነጻ ለሚያቀርብ ድርጅት ቢያንስ ይህ ይገባዋል።

ዳግመኛ ሲሞከር ከቆመበት መቀጠል ብዙ ያተርፋል፣ ደብሊውጌትም በአንድ ሥራ ውስጥ ይህን በራሱ ያደርጋል። አደጋው ግን ፋይሉ በየቀኑ የሚታደስ መሆኑ ላይ ነው፤ «የቅርብ ጊዜው» በሚለው ስም ግማሹ ትናንት ወርዶ ቀሪው ዛሬ ቢቀጠል፣ መጠኑ ልክ የሚመስል ግን የማይነበብ ፋይል ይፈጠራል። መፍትሔው ቀን ያለበትን ስም መጠቀም፣ በጊዜያዊ ስም ማውረድ፣ ድርጅቱ አብሮ በሚያቀርበው የኤምዲ5 ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) ማረጋገጥና ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ትክክለኛው ስም መቀየር ነው። ድምሩ ካልገጠመ የወረደው ይሰረዝና ከዜሮ ይጀመር።

ድጋሚ ሙከራ በአንድ ቦታ ብቻ ይኑር። ከርል 3 ጊዜ፣ ከርልን የሚጠራው ስክሪፕት 3 ጊዜ፣ ስክሪፕቱን የሚያስነሣው መሣሪያም 3 ጊዜ ከሞከሩ ሰርቨሩ 27 ጥያቄ ይደርሰዋል። የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት የሚያስነሣው ክሮን አዲስ እንዳያስነሣም «ኤፍሎክ» በተባለው ትእዛዝ መቆለፍ ያስፈልጋል።

ቅንብሩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሆን ተብሎ ይፈተን። በፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክን በሚያሳልፍና በሚያግድ ፕሮግራም) ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ሁሉ «ድሮፕ» ማድረግ ዝምታን፣ «ሪጀክት» ማድረግ ደግሞ እምቢታን ያስመስላል፤ ሁለቱ የተለያየ መንገድ ስለሚነኩ ሁለቱም ይሞከሩ። ግንኙነት ሳይፈጠር አንድ ጊዜ፣ ፋይሉ መሀል ላይ ከደረሰ በኋላ ሌላ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይገባል፤ በሁለቱም ጊዜ ከርል 28 የሚለውን የጊዜ ማለፍ ኮድ መመለሱን፣ መልሱም በ10 እና በ60 ሰከንድ ገደማ መምጣቱን ሎጉ ላይ ማየት ይቻላል።