የተዘበራረቁ የስም ዝርዝሮችን በፍጥነት እንዴት ማዛመድ ይቻላል?

ከምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የተሰበሰቡ ሁለት የገበሬዎች ዝርዝሮች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 20,000 ሰው ይዘዋል። አንዱ «ደብረ ማርቆስ» ሲል ሌላው «ደብረ ማረቆስ» ይላል። ሁሉን ከሁሉ ጋር ላስተያይ ካሉ 400 ሚሊዮን ጥንድ ይጠብቅዎታል። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል እንደሚነካ የሚቆጥረው የሌቨንሽታይን ርቀት ትክክለኛ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ግን ይንቀረፈፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በግምት እናጣራ።

1. ሞክሼ ፊደላትን አንድ ያድርጉ። ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። ሃና ኣም አይረሱ። «ደ/ማርቆስ»ን ዘርዝረው ይጻፉ፣ ክፍተቱን ያጥፉ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጣጣ እዚሁ ያልቃል።

2. ስሙን ሁለት ሁለት ፊደል እያደረጉ ይቁረጡ፦ ደብ፣ ብረ፣ ረማ፣ ማር፣ ርቆ፣ ቆስ። ፊደላችን አናባቢውንም ስለሚይዝ ሁለት ይበቃል።

3. የጋራ ቁራጮችን ለጠቅላላዎቹ (የጋራው አንዴ ብቻ ተቆጥሮ) ያካፍሉ። «ደብረማርቆስ» እና «ደብረማረቆስ» ከ8 ቁራጮች 4ቱን ይጋራሉ፤ 0.5። ከ«ደብረኤልያስ» ጋር ግን ከ10 ሁለቱን ብቻ፤ 0.2።

4. ዝርዝሩ ትልቅ ከሆነ ሚንሃሽ ይጠቀሙ። አንድሬ ብሮደር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ነው። ቁራጮቹን በ100 የተለያዩ የሃሽ ቀመሮች ወደ ቁጥር ይቀይሩና ከእያንዳንዱ ቀመር ትንሹን ቁጥር ብቻ ያስቀምጡ። ሁለት ስሞች ከ100ው ስንቱ ላይ እንደሚገጥሙ ሲቆጠር የቅድሙን ውጤት ይገምታል፤ የግምቱ መደበኛ ስሕተት ከ0.05 አይበልጥም።

5. መቶውን ቁጥር አራት አራት አድርገው በ25 ይመድቡ። ቢያንስ አንድ ምድባቸው ሙሉ በሙሉ የገጠመ ስሞች ብቻ ለፍተሻ ይቅረቡ። 0.5 የሚመሳሰሉት 80 በመቶ ያህል ዕድል አላቸው፤ 0.2ዎቹ 4 በመቶ ገደማ። ብዙ ካመለጠዎት ሦስት ሦስት አድርገው ይሞክሩ።

6. የሌቨንሽታይን ርቀት አሁን ይምጣ፤ ለቀረቡት ጥንዶች ብቻ።

ሞጣና ቡሬን የመሰሉ አጭር ስሞች አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሚወጣቸው በቀጥታ ወደ 6ኛው ይላኩ። የሰው ስም ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያዋህድ አይፍቀዱ። አበበና አበባ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። የአባትና የአያት ስም ጨምረው፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ገበሬዎቹን ለሚያውቅ ሰው ይተዉ።