በድሬዳዋ የመኖሪያ ቤትን የመንገድ ዳር ክፍል ወደ ሱቅ እንዴት መለወጥ ይቻላል?

ከመጋላ እስከ ሳቢያን ባሉት የድሬዳዋ ሰፈሮች ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍል ከፍቶ ሱቅ ማድረግ የብዙ ቤተሰብ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ግድግዳው ተቆርጦ የብረት መዝጊያው ከተገጠመ በኋላ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ስለሚሄዱ ለቅጣትና ለፈረሳ ይዳረጋሉ። ሥራው ከወረቀት መጀመር አለበት።

በመጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን አውጥተው የቦታውን ስፋት፣ ወሰኑንና የተፈቀደውን አገልግሎት ያንብቡ። አገልግሎቱ «መኖሪያ» የሚል ከሆነ ለውጡን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ በሊዝ የተያዘ ቦታም ከውሉ ውጭ ለሌላ አገልግሎት የሚውለው አስቀድሞ ሲፈቀድ ብቻ ነው። ካርታው በሟች ወላጅ ስም ካለ የውርሱን ጉዳይ ሳይጨርሱ ወደ ግንባታ አይግቡ።

ቀጥሎ የፕላን ስምምነት ይጠይቁ። በዚህ ደረጃ የከተማው ፕላን በቦታው ላይ ምን እንደሚፈቅድ፣ በተለይም መንገዱ የሚሰፋ ከሆነ ከይዞታዎ ምን ያህል እንደሚነካ ይታወቃል። ለንድፍ ገንዘብ መክፈል ያለብዎት ከዚህ በኋላ ነው።

ቤትዎ ከተማውን አቋርጦ ለሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ቅርብ ከሆነ እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ነገር ግን ዝናቡ የሚጥለው በደጋው ላይ በመሆኑ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ቢሮው ከሚሰጥዎት መረጃ በተጨማሪ የሰፈሩን አረጋውያን ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ይጠይቁ፤ በአሮጌ ግድግዳዎች ላይ የቀረውን የደለል መስመርም ይመልከቱ። የሱቁን ወለል ከዚያ መስመር በላይ ማድረግ የማይቻል ከሆነ እህል፣ ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ የሚከማችበት ሱቅ በዚያ ቦታ ባይከፈት ይሻላል። ለደንበኛ መግቢያ ሲባል የመንገዱን ቦይ በኮንክሪት መድፈን ደግሞ ውሃውን ወደ ጎረቤት ቤት መላክ ነውና ፈጽሞ አይደረግም።

ሦስተኛው ሥራ ንድፉ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ በአምዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት በምድብ «ሀ» ሲገባ፣ ወርክሾፕ፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ በምድብ «ሐ» ይመደብ ነበር። ስለዚህ ሸቀጣ ሸቀጥ ለመሸጥና ብረታ ብረት ለመበየድ የሚቀርበው ሰነድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዓላማዎን ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩት። በመጋላ ባሉት የድንጋይ ቤቶች ሰፊ በር ሲከፈት ጣራውን የተሸከመው ግድግዳ እንዳይነካ መሐንዲስ ይየው፤ ከበሩ በላይም ሸክሙን የሚቀበል የኮንክሪት አግዳሚ ይደረግ። በድሬዳዋ ሙቀት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆኖ መነገድ ከባድ ነውና የአየር መውጫም በንድፉ ውስጥ ይካተት። በረንዳው ግን ከይዞታዎ ወጥቶ የእግረኛ መንገድ ላይ እንዳያርፍ።

የግንባታ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የጸደቀውን ንድፍ በሥራው ቦታ ያስቀምጡ፤ በመሐል ለውጥ ካስፈለገም ከመሠራቱ በፊት ያስፈቅዱ።

ግንባታው ሲጠናቀቅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። መድኃኒት ቤትና ምግብ ቤትን ለመሰሉ ዘርፎች አስቀድሞ የብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠየቅ፣ የእጅ መታጠቢያውንና የመጋዘኑን መስፈርት ከንድፉ በፊት ከሚመለከተው ተቆጣጣሪ ይውሰዱ፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ቧንቧ ለማስገባት ወለል መስበር ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል።