የኔትወርክ ጥንካሬ ሲፈተሽ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጀማሪዎችን ሥራ ሳይ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ስህተት አለ። ኔትወርኩ ጥቃትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ለማየት ኖዶቹን፣ ማለትም በመስመር የተገናኙትን ነጥቦች (ለምሳሌ ኮምፒውተሮችን)፣ በግንኙነት ብዛት ይደረድራሉ፤ ከዚያ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ያጠፋሉ። ዝርዝሩን ግን አንዴ ካወጡት በኋላ ዞር ብለው አያዩትም።

እባካችሁ ይሄን ተዉ! አንድ ኖድ ሲጠፋ የጎረቤቶቹ ሁሉ ግንኙነት ይቀንሳል። በዝርዝሩ ሁለተኛ የነበረው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። አጭሩ መንገድ ስለተቆረጠም መልእክቱ በሌላ በኩል ይዞራል፤ ማንም ልብ ያላለው ኖድ ድንገት ዋና መተላለፊያ ይሆናል። ብልህ አጥቂ ይህን እያየ ነው ቀጣዩን የሚመርጠው። በአሮጌ ዝርዝር ስትፈትሹ ኔትወርኩ ካለው በላይ ጠንካራ ይመስላችኋል። ተመራማሪው ፔተር ሆልሜና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለቱን አካሄዶች አነጻጽረው፣ ዝርዝሩ በየጊዜው እንደገና እየተሰላ የሚደረገው ጥቃት ብዙውን ጊዜ የበለጠ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማጥፋት በኋላ እንደገና አስሉ። ኔትወርኩ ትልቅ ሆኖ ኮምፒውተሩ ካልቻለ ጥቂት ጥቂት እያጠፋችሁ አስሉ፤ በአንዴ ስንት እንዳጠፋችሁም ጻፉ።

በግንኙነት ብዛት ብቻ መምረጥም አይበቃም። ሁለት ትልልቅ ስብስቦችን የሚያገናኘው ኖድ ሁለት መስመር ብቻ ሊኖረው ይችላል። እሱ ሲወድቅ ኔትወርኩ ለሁለት ይከፈላል።

የዘፈቀደ ብልሽትን፣ ማለትም ኖዶችን በዕጣ እየመረጡ ማጥፋትን፣ አንዴ ብቻ ሞክራችሁ ውጤት አትጻፉ። ደጋግሙት፤ አማካዩንም ልዩነቱንም አሳዩ።

ጉዳቱን ስትለኩ የቀረውን ትልቁን የተያያዘ ክፍል፣ ማለትም አሁንም እርስ በርስ የሚገናኙትን ኖዶች ብዛት፣ ለመነሻው የኖድ ብዛት አካፍሉ። ለተረፉት ብቻ ካካፈላችሁ ጉዳቱ ይደበቃል።

ብልሽቶች ሁሉ ለየብቻ ይከሰታሉ ብሎ ማሰብ ደግሞ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ አንድ የጭነት ባቡር በዋሻ ውስጥ ተቃጠለ። በዚያው ዋሻ የበርካታ ድርጅቶች የፋይበር ኬብሎች ያልፉ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ተጎተተ። በሥዕል ላይ የተለያዩ መስመሮች መሬት ላይ አንድ ቦታ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ፈተና ኖድ በኖድ በማጥፋት አታገኙትም። መጀመሪያ የትኞቹ መስመሮች አንድ ቦይ፣ አንድ ዋሻ ወይም አንድ የኃይል ምንጭ እንደሚጋሩ ጠይቁ። ከዚያ የሚጋሩትን አብራችሁ አጥፉ።